ዲኤንኤን በፖሊመር ወደ ሴል ማስገባት፦ ምጣኔና አቀላቀል

የተከበራችሁ የላቦራቶሪ ባለሙያዎችና ተማሪዎች፣

ዛሬ የምናገረው ያለ ቫይረስ ዘረመልን ወደ ሴል ስለምናስገባበት ፖሊኤቲሊኒሚን፣ በአጭሩ ፒኢአይ፣ ነው። በስትራስቡርግ የዣን-ፖል ቤር ቡድን ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያስተዋወቀው ይህ ፖሊመር (ረጅም ሰንሰለት የሆነ ሞለኪውል) ዋጋው ርካሽ ነው፤ በብዙ ላቦራቶሪም ይሠራበታል። ውጤት ሲጠፋ ብዙዎቻችን ፖሊመሩን እንወቅሳለን። እኔ ግን መጀመሪያ ምጣኔውንና አቀላቀሉን መርምሩ እላለሁ።

ዲኤንኤ ኔጌቲቭ፣ ፒኢአይ ፖዘቲቭ ቻርጅ አላቸው፤ ሲገናኙ ተጠቅልለው ሴሉ የሚውጠው ጥቃቅን ቅንጣት ይሆናሉ። 1 ማይክሮግራም ዲኤንኤ 3 ናኖሞል ገደማ ፎስፌት (ኔጌቲቭ ቻርጁን የሚሸከመው ክፍል)፣ 1 ማይክሮግራም ፒኢአይ ደግሞ 23 ናኖሞል ገደማ ናይትሮጅን (ፖዘቲቭ ቻርጁ የሚመጣበት) ይይዛል። ስለዚህ ፒኢአይን ከዲኤንኤ ጋር በክብደት 3 ለ 1 ስንቀላቅል ለእያንዳንዱ ፎስፌት 23 ያህል ናይትሮጅን ይደርሰዋል። ልብ በሉ፦ ይህ ስሌት ለነፃው ቤዝ፣ ማለትም ጨው ላልሆነው ፒኢአይ፣ ነው። የገዛችሁት የሃይድሮክሎራይድ ጨው ከሆነ በዚያው ክብደት ያለው ናይትሮጅን በግማሽ ገደማ ያንሳል። የጠርሙሱን መለያ ሳታነቡ የሌላ ሰው ፕሮቶኮል አትቅዱ።

ባለ 6 ጉድጓድ ሳህን ላይ ሄክ 293 (በላቦራቶሪ የሚያድጉ የሰው ኩላሊት) ሴሎች የጉድጓዱን ወለል ከ60 እስከ 80 በመቶ ሲሸፍኑ ሥራው ይጀመራል። ለአንድ ጉድጓድ 2 ማይክሮግራም ፕላዝሚድ (ዘረመሉን የሚሸከም ክብ ዲኤንኤ) በ100 ማይክሮሊትር፣ 6 ማይክሮግራም ፒኢአይም በሌላ 100 ማይክሮሊትር 150 ሚሊሞላር ሶዲየም ክሎራይድ አሟሙ። ፒኢአዩን በዲኤንኤው ላይ በአንድ ጊዜ ጨምራችሁ ወዲያው በቮርቴክስ አናውጡ፤ በክፍል ሙቀት 15 ደቂቃ አቆዩ። ከዚያ በላይ ከቆየ ቅንጣቶቹ በጨው ውስጥ እየተጣበቁ ያድጋሉ፤ ጭራሽ ዝቃጭ ሊሆኑም ይችላሉ። በመቀላቀያው ውስጥ ሴረም (ለሴሎች ማሳደጊያ የሚጨመር የደም ፈሳሽ) አይግባ፤ የሴረም ፕሮቲኖች ፖሊመሩን ከዲኤንኤው ይሻሙታልና። ከዚያ በጠብታ በሴሎቹ ላይ አዳርሱት።

በዚህ ምጣኔ አብዛኛው ፒኢአይ ከዲኤንኤ ጋር ሳይጣበቅ ነፃ ይቀራል። ቅንጣቱ ከኢንዶሶም (ሴሉ የዋጠውን ከሚይዝበት ከረጢት) እንዲያመልጥ የሚረዳው እሱ ነው፤ የሴሉን ሽፋን የሚጎዳውም እሱ ነው። ከ4 እስከ 6 ሰዓት በኋላ ሚዲየሙን (የሴሎቹን ማሳደጊያ ፈሳሽ) የምንቀይረው ለዚህ ነው።

ፒኢአይ ብቻ ያገኘ አንድ ጉድጓድ ሁልጊዜ አስቀምጡ። እዚያም ሴሎቹ ድቡልቡል ብለው ከተንሳፈፉ የገደላቸው ፖሊመሩ ነው፤ ምጣኔውን ወደ 2 ለ 1 አውርዳችሁ ድገሙ። እዚያ ደህና ሆነው ፕላዝሚድ ባለበት ብቻ ከሞቱ የፕላዝሚዱን ንጽሕና፣ በተለይም ኢንዶቶክሲኑን (ከባክቴሪያ የሚቀረውን መርዝ)፣ ፈትሹ።