ልጁ መንገዱን ይይ፦ መኪና ስለሚያማቸው ልጆች ለወላጆች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ ወላጆች፣ መምህራንና የዕለቱ እንግዶች፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

ፋሲካ ሊደርስ ጥቂት ቀናት ቀርተውታል። ብዙዎቻችን ልጆቻችንን ይዘን ከደብረ ብርሃን ወደየቤተሰቦቻችን እንወጣለን፤ ገሚሱ ወደ መሐል ሜዳና ወደ ሞላሌ፣ ገሚሱ ወደ አንኮበር፣ ገሚሱም በጣርማ በር በኩል ወደ ደብረ ሲና፣ ወደ ሸዋ ሮቢትና ወደ አጣዬ ይወርዳል። ርእሰ መምህሩ ስለ ልጆች ጤና የፈለጉትን ይናገሩ ብለው ዕድሉን ሲሰጡኝ፣ ትልልቆቹን በሽታዎች ትቼ ብዙ ጊዜ ስሙ እንኳ የማይነሣውን፣ ነገር ግን በየበዓሉ ስንቱን ቤተሰብ መንገድ ላይ የሚያስጨንቀውን ማጥወልወል መረጥሁ። በሕፃናት ክፍል በነርስነት ስሠራ 19 ዓመት ሆኖኛል፤ ይሁን እንጂ ስለዚህ ጉዳይ ያስተማረችኝ ከሁሉ በፊት የገዛ ልጄ ናት።

ልጄ 6 ዓመቷ ሳለ ወደ ሸዋ ሮቢት ለሠርግ እንሄድ ነበር። መንገዱ ረጅም ነው ብዬ ጠዋት ፍርፍር በደንብ አበላኋት፣ በላዩ ላይ አንድ ብርጭቆ ወተት አጠጣኋት፤ ብርድ እንዳይመታት እስከ አፍንጫዋ በጋቢ ጠቀለልኋት፤ እንዳታስቸግረን ደግሞ ስልኬን ሰጠኋት። አክስቴ ንፋስ ስለማይወዱ መስኮቶቹ በሙሉ ተዘግተዋል፤ ከኋላ ለሙሽሮቹ የተጫነ አንድ ጀሪካን ቅቤ አለ። ገና ጉዶ በረትን ሳናልፍ ልጅቱ ዝም አለች፤ እኔም ዝምታዋን እንደ ጨዋነት ቆጠርሁት። ደጋግማ አዛጋች፣ እንቅልፏ መጣ አልሁ። የጣርማ በርን ዋሻ ወጥተን ጥምዝምዙን ቁልቁለት እንደጀመርን ግን በአክስቴ አዲስ ቀሚስ ላይ ሁሉን መለሰችው። የሚያሳፍረኝ ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ነው፤ ልጅቱን ተቆጣኋት። «አመመኝ ማለት አትችዪም?» አልኋት። እኔ ነርሷ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ፊቷ እየገረጣ ሲሄድ አጠገቧ ተቀምጬ ያላየሁት።

ለመሆኑ መኪና ሰውን የሚያመው ለምንድን ነው? ብዙዎቻችን ነገሩ የሆድ ይመስለናል፤ መነሻው ግን ጆሮ ነው። በውስጠኛው ጆሯችን የሰውነትን ሚዛን የሚጠብቅ ትንሽ አካል አለ፤ በፈሳሽ የተሞሉ ሦስት ቀለበት መሰል ቱቦዎች የጭንቅላትን መዞር ይለካሉ፣ አጠገባቸው ያሉት ሌሎች ክፍሎች ደግሞ ወደፊት መገፋትን፣ መቆምንና ዘንበል ማለትን ይለያሉ። መኪናው በጥምዝምዙ ሲታጠፍ ጆሮ «እየዞርን ነው» ብሎ ለአንጎል ይናገራል። ልጁ ግን ዓይኑን በስልኩ ላይ ወይም በፊቱ ባለው ወንበር ጀርባ ላይ ስለተከለ ዓይኑ «ምንም የሚንቀሳቀስ የለም» ይላል። ሁለቱ ምስክሮች ሲጣሉበት አንጎል ይታወካል፤ የዚህም ውጤት ማዛጋት፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ የምራቅ መብዛት፣ በመጨረሻም ማስመለስ ይሆናል። ነገሩ የጆሮ ለመሆኑ አንድ ጥሩ ማስረጃ አለ፤ በውስጠኛው ጆሯቸው ያለው ሚዛን ጠባቂ አካል በሁለቱም በኩል ሥራውን ያቆመባቸው ሰዎች መኪናም መርከብም አያማቸውም።

ሾፌሩስ ለምን አያመውም? መሪው በእጁ ነውና መታጠፉን መኪናው ከመታጠፉ በፊት ያውቀዋል፤ ዓይኑም ሁልጊዜ ሩቅ መንገዱ ላይ ነው። ዛሬ ከምናገረው ሁሉ አንዱን ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙልኝ፤ ልጁን በተቻለ መጠን ወደ ሾፌሩ ሁኔታ ማቅረብ፣ ማለትም መንገዱን እንዲያይና ጥምዝምዙን አስቀድሞ እንዲያውቅ ማድረግ ነው መፍትሔው። የሌላው ሁሉ ምክር ጥቅም ከዚህ ያነሰ ነው።

መንገዶቻችንም አንድ አይደሉም። ኮረኮንች መንገድ የሄደበት ሰው አጥንቱ እስኪላቀቅ ይንገላታል፤ ሆኖም ሆድን ይበልጥ የሚያገላብጠው ለስላሳው አስፋልት ነው። ሰውን አብዝቶ የሚያጥወለውለው ፈጣኑና አጫጭሩ መንገጫገጭ ሳይሆን በ5 ሰከንድ አንድ ጊዜ ገደማ የሚመላለስ ዝግ ያለ ውዝዋዜ እንደሆነ ተመራማሪዎች ደርሰውበታል፤ በጥምዝምዝ ቁልቁለት ላይ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ፍሬን ያዝ፣ ለቀቅ የሚል መኪና ለዚህ እጅግ የቀረበ ነው። ስለዚህ አባቶች ሆይ፣ መሪውን የያዛችሁት እናንተ ከሆናችሁ ከጣርማ በር በታች ከባድ መኪና ለመቅደም መጣደፉን ትታችሁ በማርሽ ቀስ ብላችሁ ውረዱ፤ ለሕይወታችሁም ይበጃል።

ሕመሙ የሚበረታበት ዕድሜ አለ። ከ2 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን እምብዛም አያጠቃም፤ ከዚያ በኋላ እየጨመረ ሄዶ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ዕድሜ ይብሳል፤ ከ12 ዓመት ገደማ ጀምሮ በአብዛኞቹ ላይ ይቀንሳል። በልጅነቱ የጠናበትን ልጅ «ጥጋብ ነው» ወይም «ሰነፍ ነው» ማለት ትልቅ ግፍ ነው። ቻርለስ ዳርዊን የተባለው እንግሊዛዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ ከ1831 እስከ 1836 እ.ኤ.አ. ቢግል በተባለችው መርከብ ዓለምን ሲዞር የባሕር ማጥወልወል እስከ ጉዞው መጨረሻ አልለቀቀውም ነበር፤ ማንም ሰነፍ አላለውም።

ወደ መቀመጫው ልምጣ። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንሠራው ስሕተት አለ፤ ያጥወለወለውን ልጅ ከፊት ወንበር፣ እናቱ ጭን ላይ እናስቀምጠዋለን። መንገዱን ስለሚያይ ይሻለዋል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ግጭት ቢደርስ በጭን ላይ ያለ ልጅ የሚይዘው ነገር የለም፤ የእናት ክንድም ያን ኃይል ሊያቆም አይችልም። ስለዚህ ልጆች ከኋላ፣ ቀበቶ ታስረው ይቀመጡ። በቤት መኪና ከሆነ ቀበቶ እስካለው ድረስ የኋላው ወንበር መካከለኛ ቦታ ጥሩ ነው፤ በሁለቱ የፊት ወንበሮች መካከል መንገዱ ይታያል። ቁመቱ ለማይደርስ ልጅ ከፍ የሚያደርገው የልጆች መቀመጫ ሁለት ጥቅም አለው፤ ቀበቶው በትክክል እንዲውልበት ያደርጋል፣ ዓይኑንም ወደ መስኮቱ ያደርሰዋል። ሃይሩፍ የምትሳፈሩ ደግሞ የመጨረሻውን ወንበር ለልጅ አትያዙ፤ መወዛወዙ የሚበዛው እዚያ ነው።

እኔ ከዚያ ሠርግ በኋላ ልጄን ረዳት አደረግኋት። ከኋላ መካከል ላይ ተቀምጣ መታጠፊያው ገና ሳይደርስ «ወደ ግራ!» «ወደ ቀኝ!» እያለች ትጮኻለች፤ ከፊታችን የሚመጣውን ሲኖትራክ ትቆጥራለች፤ ደብረ ሲና ስንደርስ «ወራጅ አለ!» ትላለች። ጨዋታ ይመስላል፤ በእርግጥም ጨዋታ ነው፤ ዓይኗን ግን ሩቅ ላይ ያቆይልኛል። ስልክና መጽሐፍ በጉዞ ላይ የተከለከሉ ናቸው። ተረትና እንቆቅልሽ ግን ዓይን አይፈልጉም፤ «እንቆቅልሽ» «ምን አውቅልህ» መባባል ያለ ምንም ወጪ ከስልክ የተሻለ መድኃኒት ነው።

ስለ መስኮት የምናገረውን አንዳንዶቻችሁ አትወዱልኝም። ደገኞች ነን፣ ብርድ እንፈራለን፤ አንድ ሰው መስኮት ሲከፍት ሌላው «ንፋስ አስመታኸን» ይላል። ሆኖም የናፍጣ ጭስ፣ የቅቤ፣ የአረቄና የሽቶ ጠረን በታመቀበት ሙቅ መኪና ውስጥ የጀመረው ማጥወልወል በፍጥነት ይብሳል። መስኮቱን ሁለት ጣት ያህል ክፈቱት፤ አዋቂው ጋቢውን ይደርብ። ቅቤውንና አረቄውን አጥብቃችሁ ከድናችሁ ከልጁ አርቁ። ልጁንም በጋቢ ወይም በባና ልትሸፍኑት ትችላላችሁ፤ ነገር ግን ነቅቶ ሳለ ፊቱን አትሸፍኑት፤ ዓይኑ ከተሸፈነና ካልተኛ ጆሮው ብቻውን ይቀራል። ቢተኛ ግን እሰየው፤ እንቅልፍ ላይ ያለ ልጅ እምብዛም አያስመልሰውም።

ምግብን በተመለከተ ሁለት ጫፎች አሉን፤ አንዱ እንደ እኔ እስኪጠግብ የሚያበላ፣ ሌላው «ባዶ ሆዱን ይሂድ» የሚል። ሁለቱም አይጠቅሙም። ከመነሣት አንድ ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ጥቂት ዳቦ ወይም ቂጣ፣ በመንገድ ላይም ጥቂት በጥቂት ውኃ ይበቃል። በተለይ የመልሱን ጉዞ አስቡት፤ 55 ቀን የጾመ ቤተሰብ በበዓሉ ማግስት ልጁን ዶሮ ወጥ በቅቤ አጥግቦ ቀጥታ መኪና ላይ ያወጣዋል። ዝንጅብል ጥቂቱን በሻይ ቢቀምሱት አይጎዳም፤ ለልጆች ያለው ጥቅም ግን በጥናት በደንብ የተረጋገጠ አይደለም። የደብረ ሲናን ቆሎ የሚወድ ልጅ ካላችሁ ቆማችሁ አብሉት፤ ለትንንሾቹ ግን፣ በተለይ ከ4 ዓመት በታች ላሉት፣ ሊያንቃቸው ይችላልና ጨርሶ አትስጡ።

ትንሽ ልጅ «አጥወለወለኝ» አይላችሁም። «ሆዴን» ይላል፣ ወይም ይነጫነጫል፣ ወይም እንደ ልጄ ዝም ይላል። ፊቱ ሲገረጣና ሲያዛጋ ደኅና ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙ፤ ከመኪናው አውርዱት፣ ጥቂት ይራመድ ወይም ዓይኑን ጨፍኖ በጀርባው ይጋደም፣ ግንባሩ ላይ በቀዝቃዛ ውኃ የራሰ ጨርቅ አድርጉለት። ካስመለሰ በኋላ በትንሽ በትንሹ ውኃ ይጠጣ። ፌስታል፣ ፎጣና አንድ ቅያሪ ልብስ ከሻንጣው ሥር ሳይሆን እጃችሁ ሥር ይሁን።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልለይላችሁ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ገደማ። በዚህ ቁልቁለት ልጁ ጆሮዬ ተደፈነ ብሎ ቢያለቅስ የአየር ግፊት ለውጥ ነው እንጂ ማጥወልወል አይደለም፤ ውኃ ይዋጥ፣ ሕፃን ከሆነ ቆማችሁ ይጥባ።

ስለ መድኃኒት ጠንከር ብዬ ልናገር። ማጥወልወልን የሚከላከሉ እንደ ዳይመንሃይድሪኔት ያሉ መድኃኒቶች አሉ፤ የሚሰጡት ግን ከ2 ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ፣ በባለሙያ በተወሰነ መጠን፣ ከጉዞው ግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት አስቀድሞ ነው፤ ማስመለስ ከጀመረ በኋላ ቢዋጡ ብዙም አይረዱም። ብዙዎቹን ልጆች ያስተኛሉ፣ አንዳንዶቹን ግን በተቃራኒው ያቅበጠብጣሉ። ፕሮሜታዚን የተባለው ትንፋሽን ሊያዳክም ስለሚችል ከ2 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ፈጽሞ አይሰጥም። የአዋቂን ኪኒን በጥርስ ገምሶ ለልጅ መስጠት በሥራዬ ብዙ ጊዜ ያየሁት ልማድ ነው፤ እባካችሁ ተዉት።

ከመኪና ከወረደ በኋላም ማስመለሱ ያልቆመለት፣ ወይም ብርቱ ራስ ምታት፣ የመስማት፣ የማየት፣ የመናገር ወይም የመራመድ ችግር ያለበት ልጅ ግን መኪና ነው ያመመው ተብሎ ቤት አይቀመጥም፤ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

ልጄ አሁን 14 ዓመቷ ነው፣ መኪና አያማትም። በዚህ ፋሲካ የረዳትነቱን ቦታ 5 ዓመት ለሆነው ወንድሟ ለቅቃለታለች፤ ትናንት ማታ «ወራጅ አለ» ማለትን ስታለማምደው ነበር። ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ፤ መልካም የትንሣኤ በዓል ይሁንላችሁ።