ደራሲው ራሱ ሲያነበው

ክቡራትና ክቡራን፣ ውድ የንባብ ክበባችን አባላት፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ።

ኮሚቴው የዓመቱን ንባባችንን እንድቃኝ ጠይቆኛል። ያነበብናቸው መጻሕፍት ዝርዝር እጃችሁ ላይ አለ። እኔ የመጣሁት ግን ዝርዝሩ ውስጥ ስለሌሉት ልናገር ነው። ባለፈው ስብሰባ «በጆሮ የተሰማ መጽሐፍ እንደተነበበ አይቆጠርም» ብለን ወሰንን። ያን ቀን ዝም አልኩ። ዛሬ ዝም አልልም።

ለንደን በመጣሁ በሁለተኛው ዓመት አንድ አዛውንት ቤታቸው እየሄድኩ እንከባከብ ነበር። ዓይናቸው ደክሟል። ወጥ ቤታቸው መስኮት ላይ አሮጌ ሲዲ ማጫወቻ አለች። ከሰዓት ሻይ ሳፈላ እንግሊዛዊው ደራሲ አለን ቤኔት ከሲዲው ላይ የራሱን ልብወለድ «ዘ አንኮመን ሪደር» ያነብላቸዋል። በታሪኩ የእንግሊዝ ንግሥት ውሾቿን ተከትላ ስትወጣ፣ ከቤተ መንግሥቱ ወጥ ቤት አጠገብ ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ቆሞ ታገኛለች። ይሉኝታ ይዟት አንድ መጽሐፍ ትዋሳለች። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ማንበብ ማቆም አቃታት።

ይህን መጽሐፍ ቀደም ብዬ መዝገበ ቃላት ይዤ ጨርሼው ነበር። ቃሉ ሁሉ ገብቶኛል። አንዴም ግን አልሳቅኩም። ቤኔት የሊድስ ልጅ ነው፣ የሥጋ ሻጭ ልጅ። ስለ ንግሥት ሲያወራ ስለ ጎረቤቱ ሴትዮ የሚያወራ ይመስላል። አዛውንቱ እሱ ትንሽ ቆም ያለበትን ቦታ ጠብቀው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። አንድ ቀን እኔም ኩባያውን እንደያዝኩ ፍርፍር ብዬ ሳቅኩ። ዞር ብለው «ገባሽ!» አሉኝ። ደስታቸው እስካሁን ፊቴ ላይ አለ። ሻዩ ቀዘቀዘ፤ ማናችንም ግድ አልሰጠንም።

ጓደኞቼ፣ የእንግሊዝ ቀልድ ኮስተር ተብሎ የሚነገር ቀልድ ነው። እንግሊዝኛን ከጥቁር ሰሌዳ ለተማርን ሰዎች ወረቀቱ ላይ የሚታየን ኮስታራነቱ ብቻ ነው። ቀልዱ የት እንደተደበቀ የሚያውቀው የደበቀው ሰው ነው።

ሌላውን እንግሊዛዊ ቀልደኛ ደራሲ፣ ዳግላስ አዳምስን ውሰዱ። «ዘ ሂችሃይከርስ ጋይድ ቱ ዘ ጋላክሲ» መጀመሪያ የተሠራው ለጆሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ1978 በቢቢሲ ሬዲዮ 4 ተላለፈ፤ መጽሐፉ በ1979 ተከተለ። በታሪኩ የአንድ ሰው ቤት ለመንገድ ሥራ ሊፈርስ ነው። ዕቅዱ ለሕዝብ ይፋ ሆኖ ነበር ይሉታል። የት? ምድር ቤት፣ መብራት በሌለበት፣ አገልግሎት ባቆመ ሽንት ቤት ውስጥ፣ በተቆለፈ መሳቢያ። በሩ ላይ «ከነብር ተጠንቀቁ» ተብሎ ተለጥፏል። አዳምስ ይህን ሲያነብ አይስቅም። እናንተ ግን ትስቃላችሁ። ቢሮ ለቢሮ የተንከራተተ ሰውማ ያለቅሳልም። አዳምስ እ.ኤ.አ. በ2001 ገና በ49 ዓመቱ አረፈ። ድምፁ ግን አለ።

«ደራሲው ራሱ ያንብብ ካልሽ፣ ወጋየሁ ንጋቱ ደራሲ ነበር ወይ?» የምትሉኝ አላችሁ። አልነበረም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርከው የሰማ ሰው በዚህ አይከራከረኝም፤ ለዚያ ድምፅ እኔም እጅ እነሳለሁ። ያ ብዙ ሰው የሚናገርበት ታሪክ ነው፤ ተዋናይ ይፈልጋል። እነዚህ ቀልዶች ላይ ግን ቀልዱ ያለው ተራኪው አንደበት ላይ ነው። ደግሞስ ያኔ ሬዲዮው ሥር ተሰብስበን ስናዳምጥ መጽሐፉን «አላወቅነውም» ያለን ማን ነበር?

እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ዲከንስም እስከሚሞትበት እስከ 1870 እ.ኤ.አ. ድረስ መድረክ ላይ የራሱን መጻሕፍት ለሕዝብ ያነብ ነበር። አዳራሽ ሞልቶ።

ታዲያ ዓይኑ የደከመ ሰው አንባቢ አይደለም ልንል ነው? ሌሊቱን ሙሉ ሆቴል አልጋ ስታነጥፍ በጆሮዋ አንድ ልብወለድ የጨረሰች እህታችንን «አንቺ አላነበብሽም» ልንላት ነው? እኔ አልላትም! ይህ ውሳኔ ዛሬውኑ ይሰረዝ።

ስፒከሩ ተሰክቷል። አምስት ደቂቃ ስጡኝ። ያችን የነብሯን ቦታ አዳምስ ራሱ ያንብብላችሁ፤ ከዚያ እጅ እናውጣ።