ጎማው በዘንጉ ውስጥ ይለፍ ወይስ በውጭ?

ሰላም፣ ሰላም! ዛሬ ስለ ጎማ ነው የምናወራው። የመኪና ጎማ አይደለም፣ እሱን ሌላ ቻናል ላይ ፈልጉ። የውሃ ጎማ። መስኮት በምናጥብበት ረጅም ዘንግ ከታች ተነስቶ እስከ ብሩሹ የሚወጣው ቀጭኑ ጎማ። በዘንጉ ሆድ ውስጥ ይለፍ ወይስ በውጭ?

ቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ፦ እኔ የውስጥ ደጋፊ ነኝ።

ኮፍያ ያለው ሹራብ አላችሁ አይደል? አንገቱ ላይ ገመድ ያለው። አንዱን ጫፍ ስትስቡት ሌላኛው ምን ይሆናል? ያጥራል። ትንሽ ስትጨምሩ? ጥልቅ! ገባላችሁ። ከዚያማ መርፌ ቁልፍ ፈልጎ፣ ጫፉን ወግቶ፣ በጨርቁ ላይ እየዳበሱ፣ እየገፉ፣ እየሰበሰቡ... መሃል ላይ መርፌው ይከፈታል። እኔ አንዴ ሹራቡን ልጥለው ምንም አልቀረኝም። እና በዘንግ ውስጥ የሚያልፍ ጎማ ማለት ያ ገመድ ነው። ሹራብ ግን አይረዝምም፣ ዘንጉ ክፍሎቹ አንዱ ከአንዱ ውስጥ እየተሳቡ ይረዝማል። 2 ሜትር ስታስረዝሙት ከታች 2 ሜትር ጎማ ይውጣል። ስታሳጥሩት 2 ሜትር ይተፋል። ይውጣል፣ ይተፋል። የዚህ ሥራ ጣጣው ሁሉ ትርፉ ጎማ የት ይሄዳል የሚለው ነው።

አሠራሩን ቶሎ ቶሎ ልበላችሁ፣ መሠረቱን ታውቁታላችሁ። ዘንጉ አጥሮ እያለ ጎማውን አስገቡት። ብሩሹ እንደ ልቡ እንዲያዘነብል ከላይ ትንሽ ተዉለትና እዚያው እሰሩት። ከታች ዘንጉ እስከ ጥግ ሲረዝም የሚበቃ ጎማ ይኑር። ስታሳጥሩ በሌላው እጃችሁ ወደ ታች ሳቡት። በውጭ ከሆነ ከላይ ብቻ እሰሩት፤ በየክፍሉ ካሰራችሁት ዘንጉ አላጥር ይላችኋል። አለቀ።

አሁን ብዙዎቻችሁ የምትሉኝ ነገር አለ። «ጎማው ውስጥ ሲገባ የውሃው ግፊት ይቀንሳል»። ኧረ አይቀንስም! ውሃው ያለው ጎማው ውስጥ ነው፣ ከዘንጉ ጋር አልተዋወቁም። ግፊቱን የሚበላው ከፍታ ነው፣ በየ10 ሜትሩ 1 ባር ገደማ። በውስጥም ያው፣ በውጭም ያው። «ይከብዳል» የምትሉም አላችሁ። የውስጥ ስፋቱ 5 ሚሊ ሜትር የሆነ ጎማ በ10 ሜትር ርዝመቱ የሚይዘው 200 ሚሊ ሊትር ገደማ ውሃ ነው። አንድ ብርጭቆ! በውስጥም ያው ብርጭቆ፣ በውጭም ያው ብርጭቆ።

«ታዲያ ውሃው ለምን ቀጠነብኝ?» እግሩን እዩት። ዘንጉን መሬት ላይ ስታቆሙት ከታች የወጣውን ጎማ ረግጦት ይሆናል። ካልሆነ ደግሞ ብሩሹ ስር ታጥፎ ታንቋል። ዘጠኝ ነገር ከመፈታታታችሁ በፊት እነዚህን ሁለቱን።

በነገራችን ላይ የካርቦን ፋይበር ዘንግ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ጎማው በየትም ይለፍ፣ ከኤሌክትሪክ ሽቦ ራቁ። ይሄ ቀልድ አይደለም።

ለሐቁ ግን የውጩም ጥሩ ጎን አለው። ቁጥቋጦና የመስኮት እጀታ ላይ ቢጠመጠምም፣ ሲበሳ ቀዳዳው ወዲያው ይታያል። የውስጡ ሲበሳ የምታውቁት ውሃው የዘንጉን ክፍሎች በሚይዙት መቆለፊያዎች በኩል ወርዶ እጅጌያችሁ ውስጥ ሲገባ ነው። ይህን ቪዲዮ ስቀርጽ ሦስቴ ገብቶብኛል። ሰብስክራይብ አድርጉ፣ እኔ ሸሚዝ ልቀይር።