«ቻይው» የሚባለው የዳሌ ሕመም

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። የማነጋግራችሁ ከሐዋሳ ነው። በዛሬው ዝግጅት እንግዳ የለኝም፤ የማወራው በራሴ ሰውነት ላይ ስለደረሰ ነገር በመሆኑ ብቻዬን መቀመጡን መርጫለሁ። ርዕሴ በእርግዝና ጊዜ ዳሌን፣ ብሽሽትንና የውስጥ ጭንን የሚይዘው ሕመም ነው። እኔን በሁለተኛው እርግዝናዬ ጀመረኝ፤ ከወለድሁ በኋላም ወዲያው አልተወኝም። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከዘመድ፣ ከጎረቤት፣ አንዳንዴም ከባለሙያ አፍ ደጋግሜ የሰማሁት ምክር «ቻይው፣ የእርግዝና ወግ ነው» የሚል ነበር። ምክሩ ከክፋት እንዳልመጣ አውቃለሁ፤ የሚናገሩት ሰዎች ብዙዎቹ ራሳቸው ችለው ያለፉ ናቸው። ነገር ግን ይህ ሕመም ምርመራም እርዳታም ያለው ሆኖ ሳለ ሴቶች ጥርሳቸውን ነክሰው እንዲያሳልፉት መደረጉ ያሳዝነኛል። ነፍሰ ጡር ሴት በክትትል ቀኗ የት ላይ እንደሚያማትና የትኛው እንቅስቃሴ ሕመሙን እንደሚቀሰቅሰው ለይታ ትናገር ዘንድ ነው ይህን ሁሉ የማወራው።

ከመነሻው ልጀምር። ዳሌ አንድ ወጥ አጥንት አይደለም። የግራና የቀኝ የዳሌ አጥንቶች ከፊት ለፊት፣ ከብልት ከፍ ብሎ በእጅ ሲነካ ጠንከር በሚለው ቦታ ላይ፣ በልም አጥንት ይያያዛሉ፤ ከኋላ ደግሞ ከአከርካሪያችን ግርጌ ካለው ሰፊ አጥንት ጋር በሁለቱም ወገን ይጋጠማሉ። እነዚህን ሦስት መገጣጠሚያዎች አጥብቀው የሚይዟቸው ጅማቶች ናቸው። በእርግዝና ጊዜ ሪላክሲንን ጨምሮ የተለያዩ ሆርሞኖች ጅማቶቹን ያላላሉ፤ በሌላ ጊዜ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር የሚሆነው የፊተኛው ክፍተትም 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይጨምራል። ይህ በራሱ ጤናማ ነው፤ ሰውነት ለወሊድ የሚያደርገው ዝግጅት ነው። ሕመሙ የሚመጣው መገጣጠሚያዎቹ እኩል መንቀሳቀሳቸው ሲቀር፣ ሆድ እየገፋ የሰውነት ክብደት ወደ ፊት ሲያደላ፣ የሆድ፣ የወገብና የመቀመጫ ጡንቻዎችም የተጨመረባቸውን ሥራ መወጣት ሲያቅታቸው ነው። ከአምስት ነፍሰ ጡሮች አንዷን ያህል ያገኛታል። ቀደም ሲል ወገቧን ያማት የነበረች፣ ዳሌዋ ላይ ጉዳት የደረሰባት ወይም በቀደመው እርግዝናዋ ሕመሙን ያየች ሴት ይበልጥ ተጋላጭ ናት። ሕፃኑን አይጎዳውም። ይህን የመጨረሻውን ነገር ከሁሉ አስቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ብዙ የጭንቀት ሌሊት ይቀርልኝ ነበር።

እኔ መምህርት ነኝ፤ የሥራ ቀኔን አብዛኛውን ቆሜ ነው የማሳልፈው። ሰሌዳ ላይ ስጽፍ እንደ ልማዴ ክብደቴን ወደ አንድ እግሬ ሳሳርፍ፣ ከፊተኛው አጥንት ተነሥቶ ወደ ቀኝ ብሽሽቴ የሚወርድ ሕመም ሰቅዞ ይይዘኛል። ደረጃ ስወጣ ይብሳል፤ ቆሜ ሱሪ ለመልበስ አንድ እግሬን ሳነሳ ደግሞ ግድግዳ ካልያዝሁ እወድቃለሁ ብዬ እሰጋለሁ። ቀን እንደ ነገሩ ያልፋል፤ የሌሊቱ ግን ሌላ ነው። ከግራ ወደ ቀኝ ለመገላበጥ ስሞክር ዳሌዬ ውስጥ ቋ የሚል ድምፅ እሰማለሁ፤ ትንፋሼን ይዤ፣ የአልጋውን ጠርዝ ጨብጬ፣ በጥቂት በጥቂቱ ነው የምዞረው። ባለቤቴ ከእንቅልፉ እየነቃ «ምጥ ነው እንዴ?» ይለኝ ነበር። አኗኗራችንም ለዚህ ሕመም አይመችም። በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጉልበትን ከፍቶ ቡና መቁላት፣ በቁጢጥ መጸዳጃ ቤት መጠቀም፣ ጀሪካን በአንድ እጅ ማንጠልጠል፣ የመጀመሪያውን ልጅ በአንድ ጎን አዝሎ መሄድ፣ ሁሉም ዳሌን ወደ አንድ ወገን የሚጎትቱ ወይም ጭንን የሚያራርቁ እንቅስቃሴዎች ናቸው።

በእኛ ዘንድ ወገብ፣ ጉልበት ወይም ዳሌ ሲያም መጀመሪያ የሚጠረጠረው ብርድ ነው። አማቴም «ብርድ መትቶሽ ነው፣ ልጄ» ብለው ወገቤን በሞቀ ጨርቅ ይይዙልኝ ነበር፤ ሙቀቱ በጣም ያልበረታ እስከሆነና ወገብና መቀመጫ ላይ እስከተወሰነ ድረስ ጡንቻን ያፍታታል እንጂ አይጎዳም፤ እኔም እወደው ነበር። ወጌሻ ጋ እንድሄድ ሲመከር ግን እምቢ አልሁ፤ ዛሬም እምቢ በሉ እላለሁ። የላላ መገጣጠሚያን መጎተትና ማጠማዘዝ ሕመሙን ያባብሳል፤ በእርጉዝ ሆድ ላይ የሚደረግ ኃይለኛ ጫና ደግሞ የእንግዴ ልጁ ያለጊዜው እንዲላቀቅ ሊያደርግ ይችላል። መድኃኒትም እንዲሁ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለመገጣጠሚያ ሕመም በየመድኃኒት ቤቱ በቀላሉ የሚገኙት ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን በተለይ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የሕፃኑን ኩላሊት ሊጎዱና የሽርት ውኃውን ሊቀንሱ ይችላሉ፤ ወደ መጨረሻዎቹ ወራት ሲጠጋ ደግሞ በሕፃኑ ልብ አጠገብ ያለውን የደም ሥር ያለጊዜው ሊዘጉት ይችላሉ። ስለዚህ እርጉዝ መሆናችሁን ሳትናገሩ ማስታገሻ አትግዙ። ሐኪም ብዙውን ጊዜ የሚያዘው ፓራሲታሞልን ነው፤ እርሱም በተነገረው መጠን፣ ለሚያስፈልግበት ጊዜ ብቻ ይወሰዳል።

ክትትል በማደርግበት ቦታ ጉዳዩን መጀመሪያ ሳነሳ የደም ግፊቴ ተለክቶ፣ የሕፃኑ የልብ ምት ተደምጦ፣ «ሁሉም ደህና ነው፣ የእርግዝና ነው» ተብዬ ተመለስሁ። ወረፋው ረጅም ነበር፤ አዋላጅዋም ደክሟት ነበር። በሚቀጥለው ቀጠሮዬ «ወገቤን ያመኛል» ማለቱን ትቼ «በአንድ እግሬ ስቆም፣ ደረጃ ስወጣና አልጋ ላይ ስዞር እዚህ ጋ ያመኛል» ብዬ ቦታውን በጣቴ አሳየሁ። በዚህ ጊዜ ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ተላክሁ።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ምርመራ ቀላል ነበር፤ እስከ ዛሬ ግን ይገርመኛል። በጀርባዬ አስተኝታ አንድ እግሬን ጉልበቴን ሳላጥፍ ከአልጋው 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ እንዳደርግ ጠየቀችኝ። የቀኝ እግሬ የእኔ ያልሆነ ይመስል አልነሳ አለ። ከዚያ ሁለቱን መዳፎቿን በዳሌዬ ግራና ቀኝ አድርጋ ወደ ውስጥ ተጫነችና «አሁን ሞክሪ» አለችኝ፤ ያው እግር ተነሳ። የጎደለኝ ጉልበት እንዳልሆነ፣ መገጣጠሚያዎቹን ገጥሞ የሚይዝ ድጋፍ እንደሆነ በዚያች ቅጽበት ገባኝ። የዳሌ መደገፊያ ቀበቶም የሚሠራው ያንኑ ነው። ቀበቶው ሆድ ላይ አይታሰርም፤ ዝቅ ብሎ፣ የጭን አጥንት ጎላ ብሎ በሚዳሰስበት ልክ፣ ዳሌን ዙሪያውን ይይዛል። እስክገዛ ድረስ መቀነት በዚያው ቦታ እንዴት እንደሚታሰር አሳየችኝ፤ ስሄድና ስሠራ አጠብቀዋለሁ፣ ስተኛ እፈታዋለሁ። ከዚያ በተጨማሪ በእጅና በጉልበት ተንበርክኮ የታችኛውን ሆድ በቀስታ ወደ ውስጥ መሳብን፣ ሽንት እንደሚይዝ ሰው የዳሌን ወለል ጡንቻ ማጥበቅና መልቀቅን፣ ተቀምጦ በጉልበቶች መካከል ትራስ መጭመቅን አስተማረችኝ። እንቅስቃሴዎቹ ሕመም የሚያመጡ ከሆነ እንዲቀነሱ እንጂ በግድ እንዲቀጥሉ አልነገረችኝም። ሕመሙ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ እኔ ግን እንደገና በወጉ መተኛት ጀመርሁ።

የቀረው የዕለት ተዕለት አኗኗርን ማስተካከል ነው፤ ትልቁ ለውጥ የመጣልኝም ከዚህ ነው። የሁሉም መሠረት ጉልበትን ከጉልበት ሳያራርቁ መንቀሳቀስ ነው። አልጋ ላይ ጉልበቶቼን አጥፌ፣ ገጥሜ፣ ትከሻዬንና ዳሌዬን አንድ ላይ ነው የማዞረው፤ በጎኔ ስተኛም ከጉልበቴ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ትራስ አደርጋለሁ። ከተማችን የባጃጅ ከተማ ናትና ባጃጅ አገባቤንም ቀየርሁ። አንድ እግርን አስቀድሞ ማስገባት ቀርቶ፣ ወደ ውጭ ዞሬ ወንበሩ ጠርዝ ላይ እቀመጥና ሁለቱንም እግሮቼን አንድ ላይ ወደ ውስጥ አመጣለሁ፤ ወንበሩ ላይ ፌስታል ሲነጠፍ መዞሩ ይቀላል። ሾፌሮቹ ሲረዱ ታጋሾች ናቸው፤ «ቀስ በይ እናቴ» የሚለኝም አልጠፋም። ልብስ ተቀምጬ እለብሳለሁ። ደረጃ ስወጣ ደህናውን እግር አስቀድሜ፣ ስወርድ የታመመውን አስቀድሜ፣ አንድ በአንድ እሄዳለሁ። ለቡና በርጩማውን ትቼ ከፍ ያለ ወንበር፣ ለሽንት ቤት መቀመጫ ያለው እንዲዘጋጅ አደረግሁ፤ ሁለተኛውን ለማድረግ የማትችል ሴት ቢያንስ የምትይዘው መደገፊያ ግድግዳው ላይ ቢመታላት ይረዳታል። የእግር ጉዞን አልተውሁም፤ በፍቅር ሐይቅ ዳር እርምጃዬን አሳጥሬ፣ እየተቀመጥሁ እሄድ ነበር። ሲያም ማቆም እንጂ ጨርሶ መተኛት አይመከርም፤ ጡንቻው በደከመ ቁጥር ድጋፉም ይቀንሳል።

ብሽሽት ላይ የሚሰማ ሕመም ሁሉ ግን ይህ አይደለም። በተለይ በመካከለኞቹ ወራት፣ ድንገት ሲነሱ፣ ሲስሉ ወይም ሲያስነጥሱ ውግት አድርጎ ወዲያው የሚለቅ ሕመም አለ፤ እርሱ ማህፀንን የሚደግፉት ጅማቶች ሲለጠጡ የሚመጣና የማያሳስብ ነው። በሌላ ወገን ቀጠሮ የማይጠበቅባቸው ምልክቶች አሉ፤ እነዚህን ረጋ ብላችሁ ስሙኝ። ደም ወይም ውኃ ከፈሰሰ፣ ትኩሳት ካለ፣ ሽንት ሲሸና ካቃጠለ፣ የሕፃኑ እንቅስቃሴ ከቀነሰ፣ 37 ሳምንት ሳይሞላ ሆድ እየጠነከረ እየተመላለሰ የሚመጣ ቁርጠት ካለ፣ አንድ እግር ብቻ አብጦ ባቱ ወይም ጭኑ ካመመ፣ ብርቱ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ከመጣ፣ ሽንት መሽናት ካቃተ ወይም በጭን መካከል ያለው ቦታ ከደነዘዘ፣ በዚያው ቀንም ሆነ ሌሊት ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። እነዚህን «የዳሌ ሕመሜ ነው» ብሎ ማሳደር አይገባም።

ስለ ሥራ ቦታ የምለው አለ፤ ምክንያቱም በዚህች ከተማ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ቆመው ወይም ለረጅም ሰዓት ሳይነሱ የሚሠሩ ብዙ ወጣት ሴቶች አሉ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሥራው ለእርጉዟ ወይም ለጽንሱ ጤና አደገኛ መሆኑ በሐኪም ሲረጋገጥ ወደ ሌላ ሥራ እንድትዛወር ያዛል፤ ነፍሰ ጡርን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራትንና የትርፍ ሰዓት ሥራን ይከለክላል፤ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ከደመወዝ ጋር ፈቃድ ይሰጣል። ለእርግዝና ምርመራ የሚወጣበት ጊዜም ከክፍያ ጋር ነው። ስለዚህ ከሐኪም የሚሰጥ ማስረጃ ላይ «ለረጅም ጊዜ መቆም የለባትም» ተብሎ በግልጽ እንዲጻፍ ጠይቁ። እኔ ክፍል ውስጥ ወንበር እንዲገባልኝ ያደረገው እንዲህ ያለ ወረቀት ነው፤ ከዚያ በፊት በቃል ጠይቄ አልተሳካልኝም ነበር።

ወሊድን በተመለከተ፣ ይህ ሕመም ብቻውን ለቀዶ ሕክምና ምክንያት አይሆንም፤ አብዛኞቹ ሴቶች በምጥ ይወልዳሉ። አስቀድሞ መዘጋጀት ግን ይቻላል። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት በጀርባችሁ ተኝታችሁ ጉልበቶቻችሁ ያለ ሕመም ምን ያህል እንደሚራራቁ በሜትር ለኩና ልኩን ለአዋላጃችሁ ንገሩ፤ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከክትትል ካርዳችሁ ጋር ያዙት፤ በምጥ ሰዓት ማስረዳት ያስቸግራልና አብሯችሁ የሚገባው ሰውም ይወቀው። በጎን መተኛት ወይም በእጅና በጉልበት መንበርከክ ከጀርባ ይልቅ ለዳሌ ይስማማል። እግርን በማዋለጃው አልጋ እግር መስቀያ ላይ ማድረግ ግድ ከሆነ ሁለቱም እግሮች አንድ ላይ ይነሱ፣ አንድ ላይ ይውረዱ።

ከወለድሁ በኋላ ዘመድ አዝማድ «በሰላም ተገላገልሽ» ብሎ ገንፎውን ይዞ ሲመጣ ሕመሙም አብሮ ያለቀ መስሎት ነበር። ለብዙዎች በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ ይለቃል፤ የእኔም ቀስ እያለ ነው የለቀቀኝ። በአራስነት ጊዜ ልጅን በአንድ ጎን አለመያዝ፣ ሲያጠቡ ጀርባን ደግፎ መቀመጥ፣ የጡንቻ ማጠንከሪያውን እንደገና በቀስታ መጀመር ይጠቅማል። ከወራት በኋላም መራመድ የሚከለክል ከሆነ እንደገና መመርመር ያስፈልጋል። በሚቀጥለው እርግዝና ሊመለስ ስለሚችልም ሌላ ልጅ የምታስቡ እናቶች የሆድና የዳሌ ጡንቻችሁን ከመፀነሳችሁ በፊት አጠንክሩ፤ ክትትል ስትጀምሩም ይህ ሕመም ቀደም ሲል እንደነበረባችሁ በመጀመሪያው ቀን አስመዝግቡ።