ጀማሪው የት ይማር?

እንደምን ቆያችሁ፣ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ የለም፤ ብቻዬን ነኝ። ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ላወራ ነው፤ ማሽኑ አንድ ቀን ይነሣብናል ወይስ ያገለግለናል በሚለው ክርክር ውስጥ ግን አልገባም። ያ ክርክር በየቦታው ሞልቷል፤ እውነቱን ለመናገር ሰልችቶኛልም። እኔን እንቅልፍ የሚነሣኝ ከዚያ አነስ ያለ የሚመስል ጉዳይ ነው። ጀማሪ ሠራተኛ ከእንግዲህ ሙያውን የት ይማራል?

ስለ ፍጥነቱ ጥቂት ልበል። ዓመቶቹን ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው የምጠራው። ኢንቴል በ1971 ለገበያ ያቀረበው 4004 የተባለው ማይክሮፕሮሰሰር፣ ማለትም የኮምፒውተር አንጎል የሆነ ቺፕ፣ 2,300 ያህል ትራንዚስተሮች (ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያዎች) ነበሩት። በ2022 ይፋ የሆነው፣ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያገለግለው የኤንቪዲያ ኩባንያ ቺፕ ኤች 100 ደግሞ 80 ቢሊዮን አለው። በሁለቱ መካከል ያለፈው ጊዜ አንድ ሰው በወጣትነቱ ተቀጥሮ ጡረታ እስኪወጣ ከሚቆይበት ዘመን ብዙም አይበልጥም። ሕግም፣ ትምህርት ቤትም፣ የሙያ ማኅበርም በዚህ ፍጥነት ተራምደው አያውቁም።

አሁን ወደ ጀማሪው ልመለስ። ጀማሪ የሕግ ባለሙያ ውል ያገላብጣል። ጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛ ደረሰኝ ያመሳክራል። ጀማሪ ጋዜጠኛ ረጅም መግለጫ ያሳጥራል። ጀማሪ ፕሮግራመር ማንም የማይፈልጋትን ትንሽ ስሕተት ሲያሳድድ ይውላል። አሰልቺ ሥራዎች ናቸው፤ ማሽኑ በርካሽና በፍጥነት የሚሠራውም እነዚህኑ ነው። በ2025 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአሜሪካን የደመወዝ መዝገቦች መርምረው ነበር። ሰው ሠራሽ አስተውሎት በብዛት በገባባቸው ሙያዎች ከ22 እስከ 25 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ሠራተኞች ቅጥር፣ ከሌሎች ጋር ሲነጻጸር በ13 በመቶ ቀንሶ አገኙት። በእነዚያው ሙያዎች ያሉት አንጋፎች ግን ቦታቸውን እንደያዙ ናቸው። በምክንያቱ ላይ የሚከራከሩ ኢኮኖሚስቶች አሉ፤ ይከራከሩ። ለእኔ አዝማሚያው የሚያስደንቅ አይደለም። አንጋፋና ማሽን ያለው አሠሪ ጀማሪ ለምን ይቀጥራል?

ነገር ግን አንጋፋው ከየት መጣ? ሺህ ውል ያነበበ ሰው የሚቀጥለውን ገና ሲገልጠው አንድ ነገር ይቆረቁረዋል። ምን እንደሆነ ለመናገር ከመቻሉ በፊት ይቆረቁረዋል። ያንን ስሜት ከመጽሐፍ አላገኘውም፤ ያ አሰልቺ ክምር ነው የሰጠው። ክምሩን ማሽኑ ከወሰደው ዛሬ ትርፍ ይመስላል፤ ዕዳው የሚመጣው ያሁኖቹ አንጋፎች ጡረታ ሲወጡ ነው።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። ሊሳን ቤይንብሪጅ የተባለች የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1983 ጽፋዋለች። አንድ ሥራ በማሽን በተተካ መጠን ለሰው የሚቀረው ማሽኑ ያቃተው ከባዱ ክፍል ነው፤ ሰውየው ደግሞ ቀላሉን በየዕለቱ ስለማይሠራ እጁ ፈትቷል። ማለትም ሰውን የምንጠራው በጣም በሚያስፈልገን ሰዓት፣ ባልተለማመደው ነገር ላይ ነው።

በ2009 ከሪዮ ዴ ጄኔይሮ ወደ ፓሪስ ይበር የነበረው የኤር ፍራንስ በረራ 447 እዚህ ላይ ይነሣል። የፍጥነት መለኪያ ቱቦዎቹን በረዶ ደፈናቸው፤ አውሮፕላኑን በራሱ የሚያበረው ሥርዓት፣ አውቶፓይለቱ፣ ራሱን አላቀቀና አውሮፕላኑን ለሰዎቹ አስረከበ። ከአራት ደቂቃ ተኩል ባነሰ ጊዜ ውስጥ አውሮፕላኑ አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ወደቀ፤ 228 ሰዎች አለቁ። ምክንያቱ አንድ ብቻ አልነበረም። ሆኖም መርማሪዎቹ ካነሧቸው ነጥቦች አንዱ አብራሪዎቹ በዚያ ከፍታ አውሮፕላን በእጅ ማብረርን አለመሠልጠናቸው ነው።

ሕክምናም ውስጥ ምልክቱ ታይቷል። በፖላንድ የትልቁ አንጀት ምርመራ የሚያደርጉ ልምድ ያላቸው ሐኪሞች ላይ ጥናት ተደርጎ በ2025 ታትሟል። ማሽኑ አጠራጣሪ እጢዎችን እያመለከተ እንዲያግዛቸው ተደረገ። እገዛው ከተጀመረ በኋላ፣ ያለ ማሽኑ በሚሠሩባቸው ምርመራዎች እጢ የሚያገኙበት መጠን ከ28.4 በመቶ ወደ 22.4 በመቶ ወረደ። ልብ በሉ፣ እነዚህ ጀማሪዎች አይደሉም። ዓይናቸው አስቀድሞ የሠለጠነ ሰዎች ናቸው። ዓይኑ ጨርሶ ሳይሠለጥን ማሽኑን የሚያገኘው ወጣትስ?

ሐኪሞችን ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ጂኦፍሪ ሂንተን፣ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ተመራማሪና በ2024 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ፣ በ2016 የራዲዮሎጂ ሐኪሞችን፣ ማለትም የራጅና መሰል ምስሎችን አንብበው በሽታ የሚለዩትን፣ ማሠልጠን አሁኑኑ ማቆም አለብን ብሎ ነበር። ዓለም አልሰማውም፤ እሰየው! ዛሬም የራዲዮሎጂ ሐኪሞች ይፈለጋሉ። እንዲህ ያለ ሐኪም ለማፍራት አሥር ዓመት ገደማ ስለሚፈጅ፣ ያኔ ሥልጠናው ቆሞ ቢሆን ኖሮ ክፍተቱን በአንድ ጀምበር የሚሞላው አልነበረም። ሊቅ ስለ ማሽኑ ችሎታ ሲናገር አዳምጠዋለሁ፤ ስለ ሥራ ገበያ ሲተነብይ ግን እንደ ማንኛችንም ነው።

በተቃራኒው የሚከራከረኝ ጎ የተባለው የእስያ የሰሌዳ ጨዋታ ነው። በ2016 አልፋጎ የተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም የደቡብ ኮሪያውን ዝነኛ ተጫዋች ሊ ሴዶልን 4 ለ 1 አሸነፈው፤ ሊ ከሦስት ዓመት በኋላ ከውድድር ራሱን አገለለ። ታዲያ የሌሎቹ ተጫዋቾች እጅ ሞተ? አልሞተም። ከማሽኑ እየተማሩ አጨዋወታቸው ተሻሻለ። ይህ ለረጅም ጊዜ ግራ ሲያጋባኝ ነበር። በመጨረሻ የደረስኩበት ይህ ነው፤ በጎ ጨዋታ ማንም ሰው ማሽኑ በእርሱ ፋንታ እንዲጫወትለት አይፈልግም። ጨዋታው ራሱ ነው ግቡ። ቢሮ ውስጥ ግን የሚፈለገው ሰነዱ ነው፤ ማን እንደጻፈው፣ ሲጽፈው ምን እንደተማረ አለቃው ደንታ የለውም። ስለዚህ ያው መሣሪያ አንዱን ሲያጎለብት ሌላውን ሊያደክም ይችላል።

አቪዬሽን ትምህርቱን በብዙ ነፍስ ገዝቶ ወስዷል። የአሜሪካ የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር በጥር 2013 አየር መንገዶች አመቺ በሆነ ሁኔታ ሁሉ አብራሪዎቻቸው በእጃቸው እንዲያበሩ እንዲያበረታቱ አሳስቧል። በሲሙሌተር፣ በረራን አስመስሎ በሚያለማምድ መሣሪያ፣ የሚደረገው ልምምድም ግዴታ ነው፤ ወጪውም የሥራው አንድ ክፍል ተደርጎ ይያዛል። በሒሳብ ሠራተኛ ወይም በሕግ ባለሙያ ዘንድ ግን የሚከሰከስ አውሮፕላን የለም። ስሕተቱ ድምፅ ሳያሰማ በየፋይሉ ይከማቻል። ጀማሪውን በገንዘቡ ያሠለጠነ ድርጅት ደግሞ ሠልጣኙን ነገ ተፎካካሪው ይወስድበታል፤ እያንዳንዱ ሌላው እስኪያሠለጥን ይጠብቃል።

እኔ የማስበው የሙያ ማኅበራት ፈቃድ ከመስጠታቸው በፊት፣ ልክ እንደ አብራሪ የበረራ ሰዓት መዝገብ፣ ያለ ማሽን የተሠራ ሥራ መዝገብ ቢጠይቁ ነው። ወጪውን ከማሽኑ ብዙ የሚያተርፉት ይጋሩት። ቀዳዳ አለው፤ ወጣቱ ማታ ቤቱ ገብቶ ሥራውን በማሽኑ እንዳያሠራ ማን ይጠብቀዋል? አንድ ወዳጄ ይህንኑ አንሥቶ ሲስቅብኝ ነበር። ለዚህ ያለኝ መልስ አንጋፋው አጠገቡ ተቀምጦ ለምን እንዲህ አደረግህ ብሎ መጠየቁ ብቻ ነው፤ ይህም የአንጋፋውን ሰዓት ስለሚበላ ወደ ወጪው ጥያቄ ይመልሰናል።

ሰው የምትቀጥሩ አድማጮች ካላችሁ ጻፉልኝ። ዛሬ ጀማሪዎቻችሁ በመጀመሪያው ዓመታቸው ምን ይሠራሉ? መልሳችሁን በሚቀጥለው ክፍል አነባለሁ። ደኅና ሰንብቱ።