የድቡ አፍ

ጤና ይስጥልኝ። በልጅነቴ ድብ ማለት ዳዊት የአባቱን በጎች ሲጠብቅ የገደለው አውሬ ነበር፤ ሌላ ድብ አላውቅም። ሰሞኑን ግን በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ የተሳሉና የተቀረጹ ድቦችን ስመለከት ሰነበትሁ። ዓይኔ ደጋግሞ የሚያርፈው አፋቸው ላይ ነው።

በግእዝም «ፊሳልጎስ» ተብሎ ከሚታወቀው ጥንታዊ መጽሐፍ የተወለዱት የአራዊት መጻሕፍት፣ እናቲቱ ግልገሏን ስትልስ ያሳያሉ። ግልገሉ ቅርጽ የሌለው ሥጋ ሆኖ ይወለዳል፤ እርሷ በምላሷ እጅና እግር፣ ዓይንና ጆሮ ታወጣለታለች ብለው ያምኑ ነበር። በስፔን የሴቪል ከተማ ጳጳስ የነበረው ሊቅ ኢሲዶር የድብን የላቲን ስም፣ «ኡርሱስ»ን፣ ሳይቀር ከዚህ የአፍ ሥራ አምጥቶታል። እውነት አይደለም፤ ቢሆንም የድብ ግልገል ሲወለድ እጅግ ትንሽ፣ ዓይኑም ያልተገለጠ ነውና እምነቱ ከየት እንደ መነጨ ይገባኛል። አፍ እንዲህ ሲከበር ደስ ይለኛል።

ይኸው አፍ ግን ይታሰራል። በሰሜን እንግሊዝ፣ ብሮምፕተን በምትባል መንደር፣ በ10ኛው ክፍለ ዘመን የተቀረጹ የመቃብር ድንጋዮች ተገኝተዋል። እንደ ቤት ጣራ የተሠሩ ናቸው፤ ከሁለቱም ጫፍ ድቦች አቅፈዋቸዋል። የድቦቹ አፍ ተለጉሟል። መቃብር የሚጠብቅ አውሬ አፉ ለምን ይታሰራል? ኃይሉን ፈልገው ጥርሱን የፈሩ ይመስለኛል። ኖርማኖች እንግሊዝን እንዴት እንደ ያዙ በጥልፍ በሚተርከው፣ በ11ኛው ክፍለ ዘመን በተጠለፈው የባዩ ረጅም ጨርቅ ግርጌም አንድ የታሰረ ድብ ሰይፍ ከመዘዘ ሰው ፊት ቆሟል። እርሱን ረጅም ጊዜ ማየት አልቻልሁም።

ወደ አንዱ ግን እመለሳለሁ። በስዊዘርላንድ፣ በቅዱስ ጋለን ገዳም ቤተ መጻሕፍት ይገኛል፤ ቱዎቲሎ የተባለ መነኩሴ እ.ኤ.አ. በ895 አካባቢ ለወንጌል መሸፈኛ ከዝሆን ጥርስ የቀረጸው ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው፤ ገዳሙ በስሙ የተጠራው ቅዱስ ጋሉስ በ7ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በዱር ሲያድር ድብ የእራቱን ትርፍራፊ ፍለጋ መጣ። ጋሉስ አልሸሸም፤ ለእሳቱ እንጨት እንዲያመጣ አዘዘው። ቱዎቲሎ ድቡን ሁለት ጊዜ ቀርጾታል፤ በአንድ በኩል ግንድ ተሸክሞ፣ በሌላው በኩል ከቅዱሱ እጅ ዳቦ ሲቀበል። የጋሉስ ባልንጀራ ሂልቲቦድ ተጋድሟል፤ የተኛ መስሎ ሁሉን ያይ እንደ ነበር ገድሉ ይናገራል። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በአንበሶችና በነብሮች መካከል ቆመው የሚታዩበትን ሥዕል እያየ ላደገ ሰው ይህ ድብ እንግዳ አይሆንበትም።

በዚህ ቅርጽ ላይ ገመድ የለም፤ ልጓምም የለም። ጋሉስ ዳቦውን ከሰጠው በኋላ፣ ሸለቆውን ለቅቆ በተራራው እንዲኖር፣ ሰውንና ከብትን እንዳይነካ ነግሮ አሰናበተው።