የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ የጋዜጣ ኮሚክ እንዴት ተጀመረ?

(ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ የመጀመሪያው የጋዜጣ ኮሚክ (በተከታታይ ሥዕል የሚተረክ ታሪክ) «ቢጫው ልጅ» ነው ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ በከፊል። የጄኔቫው ሮዶልፍ ቶፕፈር በ1830ዎቹ በተከታታይ ሥዕል ታሪክ ተርኳል፤ ያ ግን መጽሐፍ ነበር። «ቢጫው ልጅ»፣ ሠዓሊው ሪቻርድ አውትኮልት የፈጠረው መላጣ ገጸ ባሕርይ፣ በፑሊትዘር ጋዜጣ «ኒው ዮርክ ወርልድ» ላይ ብቅ ያለው በ1895 ሲሆን፣ ያኔ ነጠላ ሥዕል እንጂ ተከታታይ አልነበረም። በኋላም የልጁ ንግግር ቀሚሱ ላይ ይጻፍ ጀመር። አውትኮልት ወደ ተፎካካሪው የኸርስት ጋዜጣ «ጆርናል» ከዞረ በኋላ፣ ኦክቶበር 25 ቀን 1896፣ ፎኖግራፍ (የድምፅ ማጫወቻ) ውስጥ የተደበቀ በቀቀን በተከታታይ ሥዕሎች በንግግር ፊኛ (ንግግር በሚጻፍበት ክብ) ሲለፈልፍ ወጣ። የልደት ቀን ምረጡ ከተባልን የምንመርጠው ይህን ነው።

ጥያቄ፦ ቀሚሱ ቢጫ የሆነው አዲስ ቀለም ለመሞከር ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ለመሆኑ ያኔ ቀለም እንዴት ይታተም ነበር?

መልስ፦ ወሬው ይጣፍጣል እንጂ ጋዜጣው ቢጫ ቀለም ቀድሞም ያትም ነበር። ልጁም በ1895 ሰማያዊ ለብሶ ወጥቷል።

የያኔው አሠራር እንዲህ ነበር። ሠዓሊው ከሚታተመው አስፋፍቶ በጥቁር ቀለም ይሥላል። ሥዕሉ ፎቶ ይነሣና ብርሃን በሚይዝ ኬሚካል በተቀባ የዚንክ ሳህን ላይ ያርፋል። መስመር የሌለበትን ቦታ አሲድ ይበላዋል፤ መስመሩ ጎልቶ ይቀራል። ለጥቁር፣ ለቢጫ፣ ለቀይና ለሰማያዊ የየራሳቸው ሳህን ይዘጋጃል። ሰማያዊ በቢጫ ላይ ሲታተም አረንጓዴ ይሆናል፤ ለፈዛዛ ቀለም «ቤን ዴይ» የሚባለው ነጠብጣብ አለ፣ የሰው ፊት የሚገኘው ከተራራቀ ቀይ ነጠብጣብ ነው። ከዚያ እርጥብ ወፍራም ወረቀት ሳህኑ ላይ ተጭኖ ሻጋታ ይወጣለታል፤ የቀለጠ የእርሳስ ቅይጥ ይፈስበትና የማተሚያውን ሲሊንደር የሚገጥም ጎባጣ ሳህን ይሆናል።

አንዱ ሳህን ትንሽ ከተዛነፈ የከንፈሩ ቀይ ጉንጭ ላይ ያርፋል። የተጠጋጋ ስስ ጭረትም ሸካራው የጋዜጣ ወረቀት ላይ ቀለም ሞልቶት ይጨቀያል። ደማቁ መስመርና ባዶው ዳራ ለውበት ብቻ አይደሉም። ሻጋታው ክብደቱ ቀላል ስለሆነ ደግሞ በፖስታ ይላክ ነበር፤ የሌላ ከተማ ጋዜጣ እርሳስ ብቻ ያፈስበት ነበር።

ጥያቄ፦ ገጸ ባሕርያቱ የማን ነበሩ? የሠዓሊው ወይስ የጋዜጣው?

መልስ፦ ብዙ አጣልቷል። አውትኮልት ሲሄድ ፑሊትዘር ያንኑ ልጅ በጆርጅ ሉክስ ማሣሉን ቀጠለ፤ ለጊዜው ልጁ በሁለት ጋዜጦች ይወጣ ነበር። በ1897 በኸርስት ጋዜጣ «ካትዘንጃመር ኪድስ» የተባለውን ኮሚክ የጀመረው ሩዶልፍ ደርክስ ከኸርስት ጋር ሲካሰስ፣ ፍርድ ቤት ርዕሱን ለኸርስት፣ ገጸ ባሕርያቱን በሌላ ርዕስ የመሣል መብትን ለደርክስ ሰጠ። ብልጡ ሠዓሊ በድ ፊሸር ነው፤ በ1907 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ጋዜጣ ሊቀይር ሲል፣ ሥዕሉ ዚንክ ላይ ከማረፉ በፊት የቅጂ መብቱ የራሱ መሆኑን በእጁ ጻፈበት።